ዙሪያ ጥምጥም በሰባት ቀን

የእስክንድርያው ፕቶለሚ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓለምን ካርታ ሲያሰላ፣ ዛሬ ስሪላንካ የምንላትን ደሴት ታፕሮባኔ ብሎ መዘገባት፤ ስፋቷንም ከእውነተኛው ብዙ እጥፍ አጋነነው። ከእሱ በኋላ የመጡ የጂኦግራፊ ሰዎች ሲያርሙት ኖረዋል፤ አንዳንዶቹም እየሣቁ። እኔ ግን ሰውዬው ያለ አግባብ የተሣቀበት ይመስለኛል። እንዲህ ላለው ሩቅ አገር ወሬ የሚመጣለት ከመርከበኛና ከነጋዴ አፍ ነው፤ መርከበኛና ነጋዴ ደግሞ ርቀት የሚቆጥረው በደከመው ልክ ነው። ዛሬ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ደሴቲቱን በስልኩ መስተዋት ላይ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያሳንሳትና፣ መዳፉ ውስጥ ስለገባች ሳምንቱም ውስጥ የምትገባ ይመስለዋል። ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱን ምረጥ ብባል የፕቶለሚን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሰው በጊዜ እንዲነሣ ያደርጋል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከባሕሩ ነው። ደሴት ዳር አላት፤ ዳር ያለው ነገር ደግሞ የሚጨረስ ይመስላል። አንድ አባወራ ተነሥቶ «ልጆቼንና አማቴን ይዤ፣ ጎጃምን በሞላ በሰባት ቀን ዞሬ፣ በየመሐሉም እየዋኘሁ እመለሳለሁ» ቢል ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደው ነበር። ስሪላንካ 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ ከድሮው የጎጃም ክፍለ ሀገር ጋር የምትቀራረብ ናት። ያው ዕቅድ ዙሪያውን በውኃ ሲከበብ ግን «ግሩም ሐሳብ» ይባላል፤ አማቲቱም የመዋኛ ልብስ ይገዛላቸዋል። የባሕር ዳርቻዋ ርዝመት 1,340 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በካርታ ላይ የእንባ ዘለላ ስለምትመስል፣ እንባ ደግሞ በመሐረብ ጫፍ የሚጠረግ ነገር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ጠርጎ የሚጨርሳት ይመስለዋል። የኔ ክርክር አጭር ነው፤ ሰባት ቀን ብቻ ያለው ሰው ደሴት አይዙር። ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት ቦታ ይምረጥና የቀረውን ለባለቤቶቹ ይተውላቸው።

ማስረጃ ከተባለ ከዕቅዱ ራሱ ይጀመር። ማንም ያውጣው ማን፣ የስሪላንካ የሰባት ቀን ዕቅድ አንድ እናት የወለደችው ይመስላል። ከኮሎምቦ በስተሰሜን ኔጎምቦ አጠገብ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ሲጊሪያ አለት፤ 4 ሰዓት ገደማ። ከሲጊሪያ የቡድሃ ጥርስ ወዳለበት ወደ ካንዲ ቤተ መቅደስ፤ 3 ሰዓት። ከካንዲ በባቡር ተራራ ለተራራ ወደ ኤላ፤ 6 ሰዓት ተኩል፣ እሱም ባቡሩ ደስ ካለው። ከኤላ ወርዶ ነብር ወዳለበት ወደ ያላ ፓርክ፤ 2 ሰዓት ተኩል። ከያላ ወደ ሚሪሳ ባሕር ዳርቻ 3 ሰዓት፣ ከሚሪሳ ፖርቱጋሎች ጀምረውት ደቾች ወዳጠነከሩት ወደ ጋል ምሽግ 1 ሰዓት፣ ከጋል ተመልሶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው 3 ሰዓት። ሲደመር 23 ሰዓት ይመጣል፤ ጎማ ካልፈነዳ፣ ሕፃን ካላስመለሰው፣ ሾፌሩም ምሳ የማይበላ ሰው ከሆነ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ተሄዶ ደሴቲቱ አልተዞረችም። የታየው ደቡባዊው ግማሽ ነው። ጃፍና ከኮሎምቦ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሰሜን ጫፍ ተቀምጣለች፣ ትሪንኮማሊም በምሥራቅ ወደቧን ይዛ ትጠብቃለች። «እነሱንም እንጨምራቸው» የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ መኪና የማይነዳው ነው።

መንገዱ ለምን እንዲህ ያዘግማል ቢባል፣ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አስፋልቱ ከብዙ አገር አስፋልት ይሻላል። ከፈጣን መንገዱ ውጭ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር፣ ከተማ ውስጥ 50 ነው፤ ችግሩ ከተማው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አለመታወቁ ነው። ሱቅ ከሱቅ፣ መንደር ከመንደር ተያይዞ ይሄዳል። ቀዩ አውቶቡስ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ተማሪ ይሻገራል፣ ባጃጅ ሳያመለክት ይታጠፋል። ባጃጁን በተመለከተ ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ ለሚሄድ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያው የሕንድ ባለ ሦስት እግር ነው፣ ጠባዩም ያው ነው። ስለዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ቀንቶታል ማለት ነው። ዕቅድ አውጪው ግን በካርታው ላይ «90 ኪሎ ሜትር» የሚል ሲያይ በልቡ የሚነዳው የአዳማን ፈጣን መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሳምንቱ ነው፤ ሳምንት ሰባት ቀን አለው የሚባለው ቤት ለተቀመጠ ሰው ነውና። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዱባይ ወይም በዶሃ የተዘዋወረ መንገደኛ ሌሊቱን በወንበር ላይ ጨርሶ ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ቀን የሚጎበኘው አካሉ እንጂ እሱ አይደለም። የመጨረሻው ቀን የሻንጣ ሚዛንና የፓስፖርት ሰልፍ ነው። በመሐል አምስት ይቀራሉ። እነዚህን አምስት ደግሞ ሆቴሎች ይካፈሏቸዋል። ሆቴል ክፍሉን የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ልቀቁልኝ የሚለው 5 ሰዓት ላይ። በየቀኑ ማረፊያ የሚለውጥ ሰው በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ቤት አልባ ነው፤ ርቦትም፣ አልቦትም፣ ሽንት ቤት ፈልጎም ቢሆን። ስድስት ሌሊት በስድስት ሆቴል ማደር በመሐሉ አምስት ጊዜ መሸከፍና አምስት ጊዜ እንደገና መፍታት ነው። ቻርጀሩ ተፈልጎ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ እርጥቡ ፎጣ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ አዲሱ ሆቴል ተገኝቶ፣ ቁልፍ እስኪመጣ ተጠብቆ ለአንዱ ዝውውር 3 ሰዓት ብንይዝ ለጋሶች ነን። 15 ሰዓት ሆነ። ከመንገዱ 23 ሰዓት ጋር ሲደመር 38። ቀን በቀን 8 ሰዓት የሚተኛ ሰው በሳምንት ነቅቶ የሚቆየው 112 ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚህ ላይ ሲሶውን ለመኪናና ለሻንጣ ይገብራል ማለት ነው። የድሮ ጭሰኛ ሲሶ ሲገብር ቢያንስ መሬቱ ላይ ውሎ ነበር። የኛ ሰው መሬቱን የሚያየው በመስኮት ነው።

እሺ፣ ሰዓቱን በወጣትነትና በጨከነ ሾፌር አሸነፍነው እንበል። ዝናቡስ? ዙረት የሚባለውን ሐሳብ ከሥሩ የሚነቅለው እሱ ነው፤ የሚገርመውም ብዙ ዕቅድ አውጪ ጫማ ሲመርጥ የሚያጠፋውን ጊዜ ግማሹን እንኳ ለሰማዩ አለመስጠቱ ነው። ስሪላንካ ሁለት የሞንሱን ነፋስ ይፈራረቁባታል። አንዱ ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣና ኮሎምቦን፣ ጋልንና ሚሪሳን ያረሰርሳል፤ ሌላው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣና ትሪንኮማሊን፣ አሩጋም ቤይንና ጃፍናን ያጥባል። በመሐል ያሉት ተራሮች፣ ረጅሙ ፒዱሩታላጋላ 2,524 ሜትር ይደርሳል፣ ነፋሱን ደረት ለደረት ይዘው ውኃውን በአንድ ወገን ያራግፉታል፤ በሌላው ወገን ያለ ሰው በዚያው ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል። ደቡቡ ባሕር ረግቶ ሰማያዊ በሚሆንበት ጊዜ ምሥራቁ ይናወጣል፤ ምሥራቁ ሲረጋ ደቡቡ ይናወጣል። ስለዚህ ግማሿን የሚይዝ ሰው ወሩን አይቶ ደረቁን ግማሽ መምረጥ ይችላል። ሙሉውን የሚዞር ሰው ግን ምንም ወር ቢመርጥ ከግማሽ ዕቅዱ ጋር ዝናቡን አብሮ ቀጥሯል። በጥቅምትና በኅዳር እሄዳለሁ ብሎ ለመሸሽ የሚሞክርም አለ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ነፋሳት ርስት ሲረካከቡ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሁሉም በኩል ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሰው በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አገር ቤት ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ወገኖቻችንም ልጆቻቸው የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ወሩን አይመርጥም፤ ወሩ ነው የሚመርጠው። እናም በአዲስ አበባ ዝናብ ተማርሮ ሐምሌ ላይ ተነሥቶ፣ በሚሪሳ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ለማየት ውቅያኖስ ይሻገራል። የሚሪሳ ዓሣ ነባሪ ወቅት ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። ሐምሌ ላይ እዚያ የሚያገኘው ቀይ ባንዲራ የተተከለበት አሸዋ፣ የሚጮህ ማዕበልና ከቤት ይዞት የወጣውን የሚመስል ዝናብ ነው። በዚያው ቀን በምሥራቁ ዳርቻ ትሪንኮማሊ አጠገብ ሌላው ሰው እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋል። የዕቅዱ ዝርዝር ላይ ግን ትሪንኮማሊ የለችም፤ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው የሄደው በጥር ነበራ።

የቀን መቁጠሪያው ወጥመድ በዚህ አያበቃም፤ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በስሪላንካ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ፖያ የሚባል ሕዝባዊ በዓል ነው፤ የዕለቱ ዕለት መጠጥ አይሸጥም፣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ወደ ቤተ መቅደስ የሚወስዱ መንገዶች ነጭ በለበሰ ምእመን ይሞላሉ። ጨረቃ በ29 ቀን ተኩል ስለምትመለስ፣ ሳምንቱን በጭፍን የመረጠ ሰው ፖያ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲቆጥር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በባሕሩ ዳር በቢራ ፋንታ የፓፓያ ጭማቂ ሲቀርብለት ግን ሃይማኖተኛነቱን የሚረሳ አይጠፋም። ስሪ ፓዳ የተባለው 2,243 ሜትር ተራራ ደግሞ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለውን የእግር ዱካ ቡድሂስቱ የቡድሃ፣ ሂንዱው የሺቫ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የአዳም ነው ይላሉ። የመሳለሚያው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ነው። ከ5,000 በላይ ደረጃ በሌሊት ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ነው ቁም ነገሩ። ይህን «በመንገዳችን ላይ ስለሆነ» ብለው በካንዲና በኤላ መካከል የሚሰኩት ሰዎች አሉ። አዳም እንኳ ከገነት ሲባረር እንዲህ አልተቻኮለም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ። የመጀመሪያው፣ የሁሉም ብልኅ፣ «መንገዱ ራሱ እኮ ዕረፍት ነው» ይላል፤ ማስረጃውም የካንዲና የኤላ ባቡር ነው። እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። ያ ባቡር በእርግጥ ዕረፍት ነው። በሻይ ተክል ምንጣፍ መሐል ከ1,800 ሜትር በላይ እየወጣ፣ በጉም ውስጥ እየጠፋና እየተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በተሠራው ባለ ዘጠኝ ቅስት የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ያደርሳል። ታሪኩም ለእኛ ቅርብ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያን ጊዜ ሴሎን የምትባለው ደሴቲቱ የምትታወቀው በሻይ ሳይሆን በቡና ነበር፤ ቡናው ከየት አገር እንደተነሣ ለዚህ አንባቢ መንገር ነውር ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1867 ካንዲ የገባውም የደጋውን ቡና ወደ ወደብ ለማውረድ ታስቦ ነው። በ1869 የቡና ዝገት የሚባለው የቅጠል በሽታ ታየ፣ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥም እርሻውን ጨረሰው። ባለ እርሻዎቹ ግንዱን እየነቀሉ ጄምስ ቴይለር የተባለው ስኮትላንዳዊ በሉሌኮንዴራ የጀመረውን ሻይ ተከሉ። ሐዲዱ ግን ጉዞውን አላቋረጠም፤ በ1924 ባዱላ ደርሶ ሲቆም የተነሣለት ቡና ከሞተ ሰንብቷል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ ባቡር መስኮት ሻዩን እያየ በልቡ ቅሬታ ቢያድርበት አልፈርድበትም።

ነገር ግን ይህ መልካም ምሳሌ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ባቡሩ ዕረፍት የሚሆነው ቀኑ የእሱ ሲሆን ነው። ጠዋት ካንዲ ተሳፍሮ፣ ኤላ ወርዶ፣ እግሩን ዘርግቶ ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው መዘግየቱ እንኳ ጌጥ ነው፤ ሻይ ሻጩ አንድ ጊዜ ጨምሮ ያልፋል ማለት ነው። «9 ሰዓት ኤላ፣ 12 ሰዓት ያላ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ለነብር መነሣት» ብሎ ለጻፈ ሰው ግን ያው መዘግየት የልብ ድካም ነው። መስኮቱን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። መንገዱ ራሱ ዕረፍት ነው የሚሉትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ መንገዱ የሚያጥርበትን ብልሃት ከእነሱ በላይ የሚፈልግ የለም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ባለ ገንዘብ ነው፣ ወይም ገንዘቡን ገና እየከፈለ ያለ። «ይህን ሁሉ ትኬት ከፍዬ፣ ዳግመኛ የማልረግጠውን አገር ግማሹን ትቼ ልምጣ?» ይላል። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ሒሳቡ ግን አይገባኝም። ዳግመኛ የማይመለስ ሰውማ ነው ያየውን በደንብ ማየት ያለበት። ሲጊሪያን እንውሰድ። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባቱን ገድሎ ዙፋን የያዘው ካሽያፓ፣ የወንድሙን በቀል ፈርቶ አለት አናት ላይ ቤተ መንግሥት ሠራ፤ ከታች የውኃ አትክልት ስፍራ፣ መሐል ገደል ላይ የሴቶች ሥዕል፣ ከላይ የአንበሳ መዳፍ ያለበት በር። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፣ ደረጃው 1,200 ገደማ። ሁለት ሰዓት ብቻ መድቦ፣ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቀው ጎብኚ በ1,200ውም ደረጃ ላይ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ የሚወጣውን ሰው ተረከዝ። ለተረከዝ 30 ዶላር ውድ ነው።

ደግሞስ እኛ በዚያች ደሴት እንግዶች ነን እንዴ? በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአዱሊስን የድንጋይ ጽሑፍ የገለበጠው ኮስማስ፣ ወደ ታፕሮባኔ ከኢትዮጵያም መርከብ እንደሚመጣ ጽፏል። ሶፓትሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር እዚያ ወርዶ፣ በደሴቲቱ ንጉሥ ፊት ከፋርስ ሰው ጋር «የማን ንጉሥ ይበልጣል» ብሎ ሲከራከር የሮም ወርቅና የፋርስ ብር ሳንቲም ጎን ለጎን ቀርቦ እንደተፈረደ ያወራል። ክርክሩ እውነትም ይሁን የነጋዴ ጉራ፣ በዚያ ባሕር የሚነግድ መርከብ በአንዱ ሞንሱን ሄዶ ሌላው ሞንሱን እስኪነሣ ወደብ ላይ መቆየት ነበረበት፤ ያ ደግሞ በወር የሚቆጠር ነው። ይህን ያህል ጊዜ በእጃቸው የነበረ ሰዎች እንኳ ደሴቲቱን ዞርናት ብለው አልፎከሩም። ሰባት ቀን ያለው የልጅ ልጃቸው ይፎክራል።

ሦስተኛው፣ የሾፌር ወዳጅ፣ «መኪና ከነሹፌሩ እንከራያለን፣ እኛ ከኋላ እንተኛለን» ይላል። እዚያ አገር ይህ የተለመደና ደህና ነገር ነው፤ የሾፌር ማደሪያ ያላቸው ሆቴሎችም ብዙ ናቸው። ሾፌር ግን ድካምን እንጂ ሰዓትን አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምራል፤ የቅመም እርሻ ማሳየት አለበት፣ የሻይ ፋብሪካ ማሳየት አለበት፣ «ዐይተው ብቻ ይውጡ» ብሎ የሰንፔር መደብር በር ላይ ማቆም አለበት። ሰንፔሩ ዕውነተኛ የአገሩ በረከት ነው፤ ችግሩ ባለቤትዎ ከመደብሩ ዐይታ ብቻ አለመውጣቷ ነው። ፈጣን መንገድ አለ የሚለው ሰው ግን ልክ ነው፤ ከኮሎምቦ ወደ ጋል የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ2011 ከተከፈተ ወዲህ የሦስት ሰዓቱ መንገድ ወደ አንድ ሰዓት ተጠግቷል። ይህ የሚያሳየው ደቡቡ ቅርብ መሆኑን ነው። ተራራው ግን እንደ ድሮው ተራራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃዋሚ ግን ክርክር የሌለው ነው፤ እሱም ቡድኑ ነው። የስድስት ማረፊያ ዕቅድ የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ አያውቅም። በቴሌግራም የተሰበሰበ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። እትዬ ጥርሱ ያለበትን ቤተ መቅደስ ይፈልጋሉ፣ አማች ምሽጉን፣ ልጆቹ ዝሆኑን፣ አጎትየው ነብሩን፣ አዲስ ተጋቢዎቹ ማንም የማያገኛቸውን ባሕር ዳርቻ። ማንም እንዳይቀየም ለእያንዳንዱ አንድ ማረፊያ ይሰጠዋል፤ ሁሉም እኩል አግኝቶ ሁሉም እኩል ይደክማል። ሽማግሌ ቢጠራ እንኳ ከዚህ የተሻለ እርቅ አያመጣም፤ ለእርቅ ጥሩ ነው፣ ለዕረፍት ግን አይሆንም። ምክንያቱም እትዬን ሲጊሪያ ላይ የሚያወጣቸው ቃለ ጉባኤው አይደለም፣ ጉልበታቸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው ሁለት ዕቅድ አለኝ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚሄድ ሰው ሁለት ሌሊት ካንዲ፣ ሁለት ሌሊት ኤላ፣ ሁለት ሌሊት ጋል አጠገብ ይደር፤ መሐሉን ባቡር፣ መመለሻውን ፈጣን መንገድ ያድርግ። ሲጊሪያ ቀረች ብሎ የሚጮኸውን እሰማለሁ፤ ትቅር። ከ15 መቶ ዓመት በላይ ቆማለች፣ የትም አትሄድም። በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ፣ ማለትም ልጆች ያሉት አብዛኛው ወገናችን፣ ደቡቡን ጨርሶ ይርሳው። ሦስት ሌሊት ሲጊሪያ አጠገብ፤ ከዚያው ሳይነሣ የዳምቡላ ዋሻ ቤተ መቅደሶች፣ የፖሎናሩዋ ፍርስራሽ፣ ነሐሴ ሲጋመስም ሚኔሪያ ሐይቅ ዳር በመቶ የሚቆጠሩ ዝሆኖች አሉ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ነድቶ የቀሩትን ሦስት ሌሊቶች ትሪንኮማሊ ባሕር ዳር። ከትሪንኮማሊ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው 6 ሰዓት ብንይዝለት እንኳ ጠቅላላው መንገድ 12 ሰዓት ነው፤ ከዙረቱ ግማሽ ገደማ። ሻንጣው የሚፈታው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያላን በሁለቱም ውስጥ አላስገባሁትም፤ በድንገት አይደለም። ነብሩ አለ፣ ብዙም ነው፤ ግን አንዱ ነብር በሬዲዮ ሲጠራ ጂፕ ሁሉ አቧራውን አስነሥቶ ይጎርፋል፣ ዛፉ ላይ የተኛው እንስሳም ሠላሳ መኪና የተሣፈረ ሕዝብ ሲጎበኝ ይውላል። ዋናው ክፍሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ይዘጋል። አጎትየው ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ። በባቡሩ የሚሄደው ቡድን ግን መቀያየሙን ቶሎ ቢጨርስ ይሻላል፤ የመቀመጫው ሽያጭ ከጉዞው 30 ቀን በፊት ይከፈትና ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። ጉባኤው እስከዚያ ድረስ «ያላ ይግባ አይግባ» የሚለውን አጀንዳ ካልቋጨ፣ እትዬ ተራራውን በሦስተኛ ማዕረግ ቆመው ይወጡታል፤ ያን ጊዜ ለአጎትየው ከነብሩ የሚብስ ነገር ይመጣል።